ለቡና የተቀመጡት ገዢ

ኮልፌ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ቁልቁለቱ ላይ፣ አንድ ቤት ለሽያጭ ወጣ። ዘመኑ 2010፣ ወሩ ሐምሌ ነበር። ይዞታው ነባር፣ ስፋቱ 200 ካሬ ሜትር፤ ከፊት አንድ ቪላ፣ ከኋላ በተርታ የቆሙ አራት ሰርቪስ ክፍሎች። ሻጩ አባቱን ከቀበረ ብዙም ያልቆየ ወጣት ነው። ካርታው በስሙ ነው። የጠየቀው ዋጋ 4 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር።

በአንድ ቅዳሜ ሁለት ደላሎች ሁለት ገዢ ይዘው መጡ። አንደኛው መርካቶ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ሁለተኛዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ባለቤታቸው ሲያርፉ የተዉላቸውን የጭነት መኪና ሸጠው፣ ገንዘቡ ተቀምጦ አቅሙን ከሚያጣ ቤት ልግዛበት ብለው የተነሡ።

ነጋዴው ችኩል ነበር ብዬ ብጀምር እበድለዋለሁ። አዋቂ ሰው የሚጠይቀውን ሁሉ ጠይቋል። ግድግዳውን አንኳኩቶ፣ ኮርኒሱ ላይ ውኃ የነካው ምልክት ፈልጎ፣ ሜትር ዘርግቶ ከካርታው ጋር አመሳክሯል። የመብራትና የውኃ ቆጣሪው የግል መሆኑን አይቷል፤ የፍሳሽ ጉድጓዱን ክዳን ሳይቀር አስነሥቷል። ሰኞ ጠዋት መሬት አስተዳደር ሄዶ ዕዳና እገዳ አስጣራ፤ ምንም አልተገኘም። ሻጩም ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ አቀረበ። ወረቀቱ ሁሉ የተሟላ ነበር።

ከዚያ ሒሳቡን ሠራ። ቪላው በወር 12 ሺህ፣ አራቱ ሰርቪሶች እያንዳንዳቸው 1,500፣ ድምሩ 18 ሺህ፤ በዓመት 216 ሺህ ብር። ለ4 ሚሊዮን 800 ሺህ ይህ አራት ከግማሽ በመቶ ነው። ገንዘቡን ባንክ ቢያስቀምጠው፣ የዚያን ጊዜው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ስለነበር፣ በዓመት 336 ሺህ ያገኝበታል። ነጋዴው ይህንን አሳምሮ ያውቃል። «እኔ ለኪራዩ ብዬ አይደለም የምገዛው፤» አለው ደላላውን፤ «ከአምስት ዓመት በኋላ ለምሸጥበት ዋጋ ነው።» አዲስ አበባ ላይ ቤት የሚገዛ ባለገንዘብ አብዛኛው የሚያስበው እንዲህ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሒሳቡ ይይዝለታል።

መምህርቷ ቅዳሜ ዕለት ግቢውን ዞር ዞር ብለው አይተው ምንም ሳይሉ ሄዱ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ያለ ደላላ ብቻቸውን ተመለሱ። ቁልቁለት ላይ ያለ ቤት በሐምሌ ምን እንደሚሆን ማየት ፈልገው ነው። ከላይኛው ሰፈር የሚወርደው ጎርፍ ቱቦውን ሞልቶ፣ በአጥሩ ሥር ሾልኮ፣ ሰርቪሶቹ ደጃፍ ሲደርስ አዩ። ከጎረቤቱ በር ሥር ተጠልለው ሳለ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ብቅ አሉና፣ «ግቢ ልጄ፣ እስኪያባራ ቡና ቅመሺ» አሏቸው።

መምህርቷ ተቀመጡ። ስለ ቤቱ አንድም ቃል አልጠየቁም፤ ስለ ሟቹ ነበር የጠየቁት። አሮጊቷም የሟቹን ደግነት፣ ሽማኔነታቸውን፣ ሕመማቸውን አንሥተው አንሥተው ቤቱ ላይ ደረሱ።

«በሳቸው ጊዜ እኮ የጭቃ ቤት ነበር። ይሄን ቪላ ያቆመችው ልጅቷ ናት፣ ቤይሩት ያለችው። ከሄደች አሥራ ሁለት ዓመት አልፏታል። እሷ ብር ስትልክ ወንድሟ ሲሚንቶ ይገዛል፤ ግድግዳው ከፍ ባለ ቁጥር ፎቶ እያነሣ ይልክላታል። አንድ ቀን እኔን ራሴን ከቋሚው አጠገብ አቁሞ አንሥቶኛል፣ ጎረቤትሽም መርቃለች ብሎ።»

«የኋላዎቹንስ እማማ?»

«ሁለቱን ያሠራችው እሷው ናት። ዳር ያሉት ሁለቱ ግን የጫማ ሰፊው ናቸው። የሟቹ ወዳጅ ነው፤ ሠርተህ ኑርባት ብለውት በገዛ ገንዘቡ ነው ያቆማቸው። ምን ውል አለው፣ ምን ወረቀት አለው! ሁለቱም በአፋቸው የሚተማመኑ ሰዎች ነበሩ።»

«ልጅቷ ቤቱ ሊሸጥ መሆኑን ታውቃለች?»

አሮጊቷ ሲኒውን እያጠቡ ብዙ ቆዩ። «ፍርድ ቤት ሄዶ ብቸኛ ወራሽ ነኝ ብሎ ወረቀት አውጥቷል ይላሉ። እኔ ምን አውቄ!» አሉ።

በማግስቱ መምህርቷ ሻጩን አገኙት። «ልጄ፣ ቤቱን ወድጄዋለሁ። ባልከው ዋጋ ሳልከራከር እገዛለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ እህትህ መስማማቷን የሚገልጽ ውክልና ቤይሩት ካለው ቆንስላችን አስፈርማ ትላክ። በደረሰ ማግስት እንፈራረማለን።»

የወጣቱ ፊት ተለዋወጠ። «ካርታው በማን ስም ነው ያለው? እህቴ ከእኔ ቃል አትወጣም። እርስዎ የመጡት ቤት ሊገዙ ነው ወይስ ቤተሰብ ሊመረምሩ?»

«ሁለቱንም ነው ልጄ» አሉት።

በዚያው ሳምንት ቤቱ ለነጋዴው ተሸጠ። ውልና ማስረጃ ከመግባታቸው በፊት ሻጩ ነጋዴውን ወደ ጎን ስቦ ውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ቢሆን እንደሚሻል ነገረው። ሕንፃ ሸጦ ትርፍ ያገኘ ሰው ከትርፉ 15 በመቶ ግብር ይከፍላል፤ ገዢውም የቴምብርና የስም ማዛወሪያ አለበት፤ ዋጋው ዝቅ ቢል ሁለቱም ያተርፋሉ ማለቱ ነው። ደላላው «ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለ። ነጋዴው እሺ አለ። የቀረው 3 ሚሊዮን 200 ሺህ በጥሬ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ።

ወሩ ሳይሞላ ጎርፉ ሁለቱ ሰርቪሶች ውስጥ ገባና ተከራዮቹ ዕቃቸውን ይዘው ወጡ። ነጋዴው አጥሩን ከሥሩ በድንጋይ አስገነባ፤ የአንድ ዓመት ኪራይ እዚያ ላይ ቀረ። ጫማ ሰፊውም ኪራይ ሲጠየቅ፣ «ጌታዬ፣ እኔ ተከራይ አይደለሁም» አለ። ነጋዴው ሽማግሌውን ከእነ መርፌና ወስፌው አውጥቶ ለመጣል ልቡ አልፈቀደለትም። ይህን እወድለታለሁ። ግን ሒሳቡ ከአራት በመቶ በታች ወረደ።

ያም ሆኖ ዋጋው ወጣ። በ2012 ለዚያ ቤት 8 ሚሊዮን የሚሰጥ ሰው መጥቶ ነበር፤ ነጋዴው ገና ይጨምራል ብሎ አልሸጠም። መምህርቷ ግን በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሌሎች ሁለት ቤቶች አመለጧቸው። አንዱ ላይ የሻጭ ሚስት መጥታ ፈቃዷን በራሷ አፍ ካልተናገረች አልፈርምም አሉ፤ ሌላ ገዢ ቀደማቸው። ሁለተኛው ላይ የባንክ ዕዳው መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ሲጠብቁ ዋጋው በ600 ሺህ ጨመረ። የዋጋ ንረቱ በዓመት 20 በመቶ ገደማ ደርሶ ስለነበር ባንክ ያለው ገንዘባቸው እያደር ሳሳ። ልጃቸው፣ «እማዬ፣ አንቺ ስትጠይቂ አገሩ ገዝቶ ጨረሰ» አላቸው፤ መልስ አልነበራቸውም። በመጨረሻ ጀሞ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ገዙ፤ ዕዳው ያለቀ፣ እንዳይሸጥ የተከለከለበት አምስት ዓመት ያለፈ፣ አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለውም፤ ውኃው በፈረቃ እንኳ እዚያ ድረስ አይወጣም። ሮቶ አስተከሉለትና አከራዩት። አንድ ቀን ባንክ ቤት ወረፋ ላይ ከነጋዴው ጋር ተገናኙ። «እትዬ፣ ያ ቤት አሁን ስንት እንደሚያወጣ ቢያውቁ!» አላቸው። «ይባረክልህ» ብለው ዝም አሉ።

በዚያው በ2012 ቤይሩት ላይ መከራ ወረደ። የሊባኖስ ገንዘብ ወደቀ፤ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች እህቶቻችንን ከእነ ሻንጣቸው ቆንስላው ደጃፍ ላይ እያራገፉ ሄዱ። ሐምሌ 28 ቀን ደግሞ ወደቡ ፈነዳ። የሽማኔው ልጅ ተርፋ በ2013 መስከረም አገሯ ገባች። ከአየር ማረፊያ በታክሲ በቀጥታ ኮልፌ መጣች፤ በፎቶ ብቻ የምታውቀውን በር አንኳኳች። የከፈተላት የማታውቀው ተከራይ ነበር።

ጎረቤቷ አሮጊት አስገብተው አሳደሯት። ወንድሟ ገንዘቡን መኪና ንግድ ላይ ጨርሶ ከአገር ወጥቷል። ከወር በኋላ ክስ ከፈተች፤ ከላከችባቸው ደረሰኞች የቀሯትን፣ ስልኳ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ሁሉ አቀረበች። አሮጊቷ መሰከሩ፣ ጫማ ሰፊውም መሰከረ። ፍርድ ቤቱ ክርክሩ እስኪያልቅ ቤቱ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ አገደ።

የነጋዴው ጠበቃ በመጀመሪያ የጠየቀው ውሉን ነው። አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ፣ «ሽያጩ ቢፈርስ ልንጠይቅ የምንችለው 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ነው፤ የሌላው ማስረጃ የት አለ?» አለው። ሱቁ በኮሮናው ጊዜ ተጎድቶ ስለነበር በቤቱ መያዣነት ሊበደር ባንክ ሄደ፤ እግዱን አይተው መለሱት። የቪላው ተከራይ ክርክር ያለበት ቤት አልኖርም ብሎ ወጣ። በወረቀት ላይ ሚሊዮኖች ያተረፈ ሰው ለልጆቹ ትምህርት ቤት የሚከፍለው አጠረው።

አንድ ማታ ጀሞ ሄዶ አራቱን ፎቅ ወጣና የመምህርቷን በር አንኳኳ።

«እትዬ፣ ያን ጊዜ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ባንክ ቤት እንኳ ስንገናኝ!»

መምህርቷ አንገታቸውን ደፉ። «ልጁን ከጠየቅሁት በኋላ የእኔ ድርሻ ያለቀ መሰለኝ። ራሴን አድኜ ሄድኩ። አንተንም አልነገርኩህ፣ እህትየዋንም ፈልጌ አላስነገርኩ። የሁለታችሁም ዕዳ አለብኝ» አሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌ ሰብሳቢዋ እርሳቸው ሆኑ። ነገሩ እስከ 2016 ዘለቀ። በመጨረሻ ነጋዴው ለልጅቷ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ጨምሮ ሊከፍል፣ እርሷም ክሱን ልታነሣ፣ ጫማ ሰፊውም ዕድሜ ልኩን በክፍሎቹ ሊኖር ተስማሙ፤ ይህ ሁሉ በጽሑፍ ሆነ። ወንድምየው አንድም ብር አልከፈለም።

ምሳሌው ይኸው ነው። መጨረሻው ፍትሕ ነው ብዬ አላቀርበውም። የአሥራ አራት ዓመት የሰው ቤት ሥራ በ1 ሚሊዮን 200 ሺህ ተዘግቷል፤ ነጋዴውም አንዱን ቤት ሁለት ጊዜ ገዝቷል።

ቤት ገዝተው ገንዘባቸውን ማሳደግ የሚፈልጉ ሰዎች ሲገናኙ ጥያቄያቸው የትኛው ሰፈር ይጨምራል፣ ነባር ይሻላል ወይስ ሊዝ፣ አፓርታማ ነው ወይስ ቪላ የሚል ነው። ጥያቄዎቹ ከንቱ አይደሉም። ግን የነጋዴውን ሒሳብ ተመልከቱት። ኪራዩ የባንክ ወለድ ያህል እንኳ አያስገባም፤ ተስፋው ሁሉ ያለው በመሸጫው ቀን ላይ ነው። እንዲህ ከሆነ መሸጥ የማይቻል ቤት ዋጋው እጥፍ ቢሆንም ለባለቤቱ የሚሰጠው የለም። ስለዚህ «ስንት ይጨምራል?» ከማለት በፊት «ይህን ቤት ስሸጥ ማን ሊያስቆመኝ ይችላል?» የሚለው መጠየቅ አለበት። የዚህም መልስ የሚገኘው ከግድግዳው ሳይሆን ከሰዎቹ ነው፤ ከሚስት፣ ከወራሽ፣ ገንዘብ ከላከች እህት፣ በቃል ውል ክፍል ከሠራ ወዳጅ።

ሕጋችን የተወሰነውን ይጠብቅልናል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገዢ የሚገዛው ሕንፃውንና የመጠቀም መብቱን ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት አይሸጥም። ይሁን እንጂ ዕዳና እገዳ የሚጣራበት መዝገብ የሚያሳየው የተጻፈበትን ብቻ ነው። ቤይሩት ሆና ሲሚንቶ የገዛች ሴት እዚያ መዝገብ ላይ የለችም። አሮጊቷ ግን ያውቋታል።

ውሉ ላይ ዋጋ ማሳነስ ልማድ ሆኗል። እኔ ግን ገዢው በገዛ እጁ ራሱን የሚጎዳበት ነው እላለሁ። ግብር መሸሹ ብቻውን ጥፋት ነው፤ በዚያ ላይ ነገር ሲመጣ የከፈልከውን ማስረዳት አትችልም፤ ነገ አንተው ስትሸጥም የገዛህበት ዋጋ ዝቅተኛ ሆኖ ስለሚታይ ያላገኘኸው ትርፍ ይቆጠርብሃል። ኪራይን እንደ ልብ ጨምሬ ዋጋውን አካክሳለሁ የሚለውም ሒሳብ አልፎበታል፤ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪው በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን ብቻ እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል።

መጠየቅ ያስከፍላል፤ መምህርቷ ከፍለውበታል፤ ሁለት ቤት አምልጧቸዋል፤ ገንዘባቸውም ሳስቷል። እንደዚያም ሆኖ በጥያቄያቸው ከእርሳቸው ጋር ነኝ። በዝምታቸው ግን ነጋዴው ነው ትክክል። ሰፈሩ የሚያውቀውን፣ ደላላው የሚጠረጥረውን፣ ቀድሞ የመጣው ገዢ የደረሰበትን እያንዳንዱ ለራሱ ይዞ ስለሚቀር ነው አንዱ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው የሚያከሥረው።

ዱባይ፣ ሪያድ፣ ኩዌት፣ ቤይሩት ሆናችሁ በወላጆቻችሁ ግቢ፣ በወንድማችሁ ስም ቤት የምታሠሩ እህቶች፣ ወንድማችሁን የምትወዱት ከሆነ ዛሬ፣ ሰላም እያለ፣ ውል ጻፉ። ገንዘቡን በባንክ ላኩ፤ ደረሰኙን ያዙ፤ አባት ሲሞት ወራሽነታችሁን በቆንስላ በኩል በውክልና አስመዝግቡ፤ ስማችሁ ካርታው ላይ ይግባ። አንተም ልትገዛ የተነሣኸው፣ ቀብዱን ከመስጠትህ በፊት ከጎረቤት ቤት ገብተህ ተቀመጥ። የሰማኸው ነገር ቤቱን ካስተወህም፣ ከአንተ በኋላ ለሚመጣው ሰው ንገረው።